ምዕራፍ ዘጠኝ፦ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲነሳ

ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ሥራ መጀመሩን የምናውቀው ከድምፁ ቀድሞ በመብራታችን ነበር። አመሻሽ ላይ የቤት ሥራ ስንሠራ አምፖሉ ድንገት ይደክምና ብርሃኑ ወደ ቀይ ያደላል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እናቴ ከሰፌዱ ላይ ቀና ሳትል «ወፍጮው ተነሳ» ትለን ነበር።

ያኔ የገረመኝ ነገር አሁንም ያስገርመኛል። ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ጤፍና በቆሎ ሲፈጭ አምፖላችን ንቅንቅ አይልም። መብራታችንን የሚያደክመው ገና አንዲት ፍሬ ሳይፈጭ፣ ከቆመበት ሲነሳ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ሥራ ላይ ያለው ሞተር ጎረቤቱን አይነካም፤ ሥራ ያልጀመረው ግን የሰፈሩን መብራት ይሻማል። ይህ ምዕራፍ የሚፈታው ይህንን እንቆቅልሽ ነው። መልሱን ካገኘን በኋላ ለአንድ ሞተር የትኛው ማስነሻ፣ በሱቅና በጋራዥ ቋንቋ የትኛው «ስታርተር»፣ እንደሚስማማው መምረጥ ብዙም አይከብደንም።

ጥፋቱ የጭነቱ አይደለም

ይህን ጥያቄ ሰው ብጠይቅ አብዛኛው የሚመልስልኝ በጋሪ ነው። የቆመ ጋሪ ለማንቀሳቀስ ፈረሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ኮቴውን መሬት ላይ ተክሎ ይጎትታል፤ ጋሪው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ሶምሶማ ይበቃዋል። ሞተሩም ከባዱን የወፍጮ ድንጋይ ከቆመበት ሲያስነሳ እንዲሁ ነው፣ ይላሉ።

ለፈረሱ ትክክል ነው፤ ለሞተሩ ግን አይደለም። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቺንጋውን ከሞተሩ ላይ አውልቁትና ሞተሩን ባዶውን አስነሱት። ጅረቱን፣ ማለትም ባለሙያዎች ከረንት የሚሉትን የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ የሚለካ መሣሪያ ሽቦው ላይ ብታደርጉ፣ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ንባብ ቺንጋው ሳይወልቅ ከነበረው ጋር አንድ ነው። የሚለየው ቆይታው ነው። ባዶው ሞተር ሰከንድ ሳይሞላ ፍጥነቱን ይይዝና ጅረቱ ይወርዳል፤ ድንጋይ የሚጎትተው ብዙ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጭነቱ የሚወስነው ሞተሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚስብ ነው፤ ምን ያህል እንደሚስብ የሚወስነው ግን የሞተሩ የራሱ ተፈጥሮ ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲምታቱ ስለሆነ፣ ወደ ፊት ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ።

የሚበረው አውቶብስ

በሰባተኛው ምዕራፍ ሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ ማለትም ሦስቱ ፌዞች፣ ተራ በተራ እየተከታተሉ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከር የማግኔት ኃይል እንደሚፈጥሩ አይተናል። መስመራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ወፍጮ ቤት የምናገኘው የተለመደው ባለ አራት ዋልታ ሞተር ውስጥ ያ ማግኔት በደቂቃ 1500 ዙር ይዞራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ማግኔቱ ክብደት ስለሌለው ቀስ ብሎ አይጀምርም። ማብሪያው በተጫነበት ቅጽበት በሙሉ ፍጥነቱ ይበርራል። የሚዞረው የብረት አካል፣ ሮተሩ፣ ግን ገና ቆሞ ነው።

አሁን አንድ አውቶብስ በፌርማታ ሳይቆም በሙሉ ፍጥነት ሲያልፍ አስቡ። ፌርማታው ላይ የቆመ ሰው እጁን ዘርግቶ የበሩን ብረት ቢይዝ ትከሻው ምን እንደሚደርስበት አትጠይቁኝ። ያው ሰው ከአውቶብሱ ጎን ለጎን በተቀራራቢ ፍጥነት መሮጥ ቢችል ኖሮ ግን ያንኑ ብረት በቀላሉ ይይዝ ነበር። እጁን የሚነጥቀው የአውቶብሱ ፍጥነት ብቻውን አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሮተሩም እንደዚሁ ነው። ሥራ ላይ ሳለ በደቂቃ 1460 ዙር ገደማ ስለሚዞር ከማግኔቱ የሚለየው በመቶ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት የምትፈጥረው ጅረትም መጠነኛ ነው። በማስነሻው ቅጽበት ግን ልዩነቱ መቶ በመቶ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ትራንስፎርመር ያልነውን ለሚያስታውስ አንባቢ በሌላ መንገድ ልንገረው፦ የቆመ ሞተር ማለት የውጪው ሽቦ ጫፍ ለጫፍ የተገናኘ፣ ሾርት የሆነ ትራንስፎርመር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ከመስመሩ ያገኘውን ሁሉ ይስባል።

ስለዚህ የሞተር የመነሻ ጅረት በመደበኛው ሥራ ላይ ከሚስበው ከአምስት እስከ ስምንት እጥፍ ይደርሳል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ

ቁጥሮቹን በአንድ የወፍጮ ሞተር ላይ እናስቀምጣቸው። 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 18.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ በ380 ቮልት መስመር ላይ ሙሉ ሥራ ሲሠራ 36 አምፔር ያህል ይስባል። ስድስት እጥፍ እንያዝለት፤ ሲነሳ 216 አምፔር ይሆናል።

ከትራንስፎርመሩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው ሽቦ ደግሞ ነፃ መንገድ አይደለም። ቀጭን ከሆነና ርቀቱ ከበዛ ጅረቱን ይቃወማል። ትራንስፎርመሩንም ጨምረን ጠቅላላ ተቃውሞውን 0.15 ኦም ብንለው፣ 216 አምፔር ሲያልፍበት 32 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያው መስመር ላይ ላለው ጎረቤት 220 የነበረው ወደ 188 ይወርዳል። እናቴ ቀና ሳትል የምታውቀው ነገር ይህ ነበር።

ጉዳቱ የጎረቤት ብቻ አይደለም። ሞተሩ ራሱ የሚያገኘው ቮልት ሲወርድ የማዞር ጉልበቱ ከቮልቱ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል። በእኛ ምሳሌ ቮልቱ በመቶ 15 ሲቀንስ ጉልበቱ በመቶ 27 ይቀንሳል። መስመሩ የደከመበት ሞተር ከቆመበት ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ጊዜ በፈጀበት መጠን 216ቱን አምፔር ረዘም ላለ ጊዜ ይስባል፤ ሽቦው ይግላል፣ ፊውዙ ይቃጠላል።

ግማሽ ቮልት፣ ሩብ ጉልበት

መፍትሔው ለሁሉም ሰው የሚታይ ይመስላል፦ ሞተሩን ስናስነሳ ቮልቱን እንቀንስለት፣ ፍጥነት ሲይዝ ሙሉውን እንስጠው። አብዛኞቹ ማስነሻዎች የሚሠሩት በዚህ ሐሳብ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ሻጭ ደግሞ ይህን ዋጋ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

አውቶብሱ አሁንም በሙሉ ፍጥነት እያለፈ ነው፤ ቮልት መቀነስ አያዘገየውም። ቮልት የሚቀንሰው ጭብጡን ነው። ቮልቱ ሲወርድ የሚሽከረከረው ማግኔት ይዳከማል፤ ያ የተዳከመ ማግኔት በሮተሩ ውስጥ የሚያነሳሳው ጅረትም ይዳከማል። የማዞር ጉልበት የሚወለደው ከሁለቱ መያያዝ ስለሆነ ሁለቱም ግማሽ ሲሆኑ የሚገኘው የግማሽ ግማሽ፣ ሩብ ነው። ቮልቱን ግማሽ ያደረገ ሰው ጉልበቱን ሩብ አድርጓል።

ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ። «ጅረት የሚቀንስልኝ ማስነሻ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ጎዶሎ ነው። ሙሉው ጥያቄ «ጭነቴ በሚነሳበት ሰዓት ከሞተሩ ስንት ጉልበት ይፈልጋል?» የሚል ነው።

ስታር ዴልታ

በእኛ አገር ወፍጮ ቤትም ሆነ እንጨት ቤት በብዛት የሚታየው ስታር ዴልታ የሚባለው ማስነሻ ነው። ሦስት ኮንታክተሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚዘጉና የሚከፈቱ ትልልቅ ማብሪያዎች፣ አንድ የጊዜ መቁጠሪያና አንድ ኦቨርሎድ የሚባል መከላከያ ያሉበት የብረት ሳጥን ነው። ዘዴው ግሩም ነው፤ ቮልት ለመቀነስ ምንም ተጨማሪ ዕቃ አይጠቀምም።

ሞተሩ ውስጥ ሦስት ጥቅል ሽቦዎች፣ በጠቅላላው ስድስት ጫፎች አሉ። ጥቅሎቹ በሦስት ማዕዘን ሲያያዙ፣ ዴልታ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ በሁለት መስመሮች መካከል ስለሚሆን 380 ቮልት ያገኛል። በኮከብ ሲያያዙ፣ ስታር ሲሆኑ፣ ሦስቱም አንድ ላይ መሃል ላይ ስለሚገናኙ እያንዳንዱ 220 ብቻ ይደርሰዋል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ አዲስ አይደሉም፤ አንዱን ለሌላው ብናካፍል 1.73 እናገኛለን። ስለዚህ በስታር የጥቅሉ ጅረት በ1.73 ያንሳል። በተጨማሪም በዴልታ አንዱ መስመር ሁለት ጥቅሎችን ሲመግብ፣ በስታር የሚመግበው አንዱን ነው፤ የመስመሩ ጅረት ሌላ 1.73 ያንሳል። 1.73 በ1.73 ሲባዛ ሦስት ነው። 216ቱ አምፔር 72 ይሆናል፤ የጎረቤት 220 ከ209 በታች አይወርድም። አምፖሉ ቢደክምም የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

ጉልበቱም ግን ሲሶ ሆኗል። ሞተሩ በሙሉ ቮልት ሲነሳ የመደበኛ ጉልበቱን ሁለት እጥፍ የሚሰጥ ቢሆን፣ በስታር የሚሰጠው ሁለት ሦስተኛውን ነው። ወፍጮው ባዶ ከሆነ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ድንጋዮቹ መካከል የትናንት እህል ታፍኖ ካለ ግን አይበቃም፤ ሞተሩ እያጓራ ይንፏቀቃል፣ ፍጥነት አይዝም። ከዚያ የጊዜ መቁጠሪያው ስምንት ሰከንድ ሞልቶ ወደ ዴልታ ይቀይረዋል። አውቶብሱ እየበረረ፣ ሰውየው አሁንም ፌርማታው ላይ ነው፤ 216ቱም አምፔር፣ ሲቀያየር ከሚፈጠረው ድንገተኛ ዝላይ ጋር፣ መስመሩ ላይ ይወርዳል። ባለቤቱ ሳጥን ገዝቶ ያተረፈው የሰፈሩ መብራት ስምንት ሰከንድ ዘግይቶ እንዲደክም ማድረግ ብቻ ነው።

የጊዜ መቁጠሪያውን በጆሮ ማስተካከል ይቻላል። ሞተሩ በስታር ሲነሳ ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል፤ መውጣቱን አቁሞ ሲረጋ ነው መቀየር ያለበት። ከዚያ በፊት መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከዚያ በኋላ በስታር ማቆየት ደግሞ ጭነቱን በሲሶ ጉልበት ማሠቃየት ነው።

ሁለት ስህተቶች ደጋግሜ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ከሞተሩ ሰሌዳ ይጀምራል። በ380 ቮልት መስመር ላይ ስታር ዴልታ የሚሠራው ሰሌዳው «380/660» ለሚለው ሞተር ብቻ ነው። ትንሹ ቁጥር አንዱ ጥቅል የሚችለው ቮልት ነው። ሰሌዳው «220/380» የሚል ከሆነ ጥቅሉ የተሠራው ለ220 ነው፤ ስታር የዘወትር ኑሮው ነው፤ ወደ ዴልታ ማሻገር ማቃጠል ነው። አንድ የማውቀው ባለ ወፍጮ ሰሌዳውን ሳያነብ ሙሉ ሳጥን ገዝቶ አስገጠመ። ወደ ዴልታ ከተቀየረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቤቱን የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተው። የሞተሩ ሽቦ እንደ አዲስ እስኪጠመጠም ድረስ የሰፈሩ ሰው እህሉን ተሸክሞ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ሁለተኛው ስህተት ድምፅ የለውም። ኦቨርሎዱ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከጥቅሎቹ ጋር በተከታታይ፣ ከዋናው ኮንታክተር ሥር ነው። እዚያ የሚያልፈው የመስመሩ 36 አምፔር ሳይሆን በ1.73 የተካፈለው፣ 21 አምፔር ነው። ሰሌዳው ላይ 36 አይቶ ኦቨርሎዱን 36 ላይ ያስቀመጠ ሰው ሞተሩን ያለ ጠባቂ ትቶታል።

ሌሎቹ የቮልት ቀናሾች

አውቶ ትራንስፎርመር የሚባለው ማስነሻ ቮልቱን በመቶ 50፣ 65 ወይም 80 አድርጎ ያቀርባል። በ65 ብንጠቀም ጉልበቱም የመስመሩ ጅረትም ወደ በመቶ 42 ይወርዳሉ፤ የእኛ 216 አምፔር ወደ 91 ይሆናል። ከስታር ዴልታ ትንሽ የበለጠ ጉልበት ለሚፈልግ ጭነት ጥሩ ነው፤ ከባድና ውድ ስለሆነ ግን በትንሽ ሞተር ላይ አይታይም።

ሶፍት ስታርተር ግን ዛሬ በየሱቁ አለ። ታይሪስተር በሚባሉ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያዎች ቮልቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያሳድገዋል። ዝላይ የለውም፣ ቺንጋ አይበጥስም፣ ማርሽ አይሰብርም። ለውኃ ፓምፕ ደግሞ ልዩ ስጦታ አለው፦ ሲያቆምም በቀስታ ነው የሚያቆመው፤ ስለዚህ በቧንቧው ውስጥ የሚሮጠው ውኃ በድንገት ቆሞ ቧንቧውን እንደ መዶሻ አይመታውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዘመናዊ ስለሆነ ጅረት ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል ብሎ ሲያስብ ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከስታር ዴልታ እኩል ሲሶ ጉልበት እንዲሰጥ ብናስተካክለው ከመስመሩ የሚስበው 72 ሳይሆን 125 አምፔር ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ቮልቱን ይገድባል እንጂ እንደ ትራንስፎርመር አይለውጠውም። ለለስላሳነቱ ግዙት፤ ለመስመራችሁ ድካም ብቻ ብላችሁ ከሆነ ግን ርካሹ ሳጥን ይበልጠዋል።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ከላይ ካየናቸው ማስነሻዎች በየትኛውም ብናስነሳው፣ ሮተሩ ከዜሮ ተነስቶ ሙሉ ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት የሚዞረው አካል ካጠራቀመው የእንቅስቃሴ ኃይል አያንስም። ለስላሳ አነሳስ የሮተሩን ሙቀት አይቀንስም፤ ያዘገየዋል እንጂ። በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ ሞተር በሶፍት ስታርተርም ይቃጠላል።

አውቶብሱን ማቆም

እስካሁን አውቶብሱን በፍጥነቱ ትተን ጭብጣችንን ብቻ ስናላላ ነበር። አውቶብሱ ፌርማታው ላይ ቢቆምልንስ?

ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። የመስመሩን 50 ምልልስ ተቀብሎ በራሱ ከሁለት ወይም ከሦስት ይጀምርና ወደ ላይ ያሳድጋል። ማግኔቱ በዝግታ መዞር ይጀምራል፤ ሮተሩ ይደርስበታል፤ አብረው ይፈጥናሉ። በመካከላቸው ሰፊ ልዩነት ስለማይፈጠር ሞተሩ ገና ከመጀመሪያው ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ከመደበኛ ጅረቱ አካባቢ አይርቅም። ሮተሩም አይግልም። የዴንማርኩ ዳንፎስ እ.ኤ.አ. በ1968 ይህን መሣሪያ በብዛት ማምረት ሲጀምር ሊገዛው የሚችለው ትልቅ ፋብሪካ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን የየፎቁ ሊፍት የሚነሳው በእሱ ነው።

ከኢንቨርተር በፊትም ጉልበት ሳያጡ ጅረት የሚቀንሱበት አንድ መንገድ ነበር። የሮተሩ ሽቦዎች ጫፍ በቀለበት ወደ ውጭ ወጥቶ ከተቃዋሚ ጋር ይያያዛል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ተቃዋሚው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ሙቀቱም የሚወጣው ከሞተሩ ውጭ ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች በድሮ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችና ድንጋይ መፍጫዎች ውስጥ አሁንም ይገኛሉ። ቀለበትና ካርቦን ዘወትር መንከባከብ ስለሚጠይቁ ለአዲስ ሥራ አልመርጣቸውም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ኢንቨርተር ለምን አይገዛም? ዋጋው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ዱቄት ነው። የኢንቨርተሩ ሆድ በማራገቢያ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያ ማራገቢያ አየር ሳይሆን የጤፍ ዱቄት ይጠጣል። ከዱቄቱ በተለየ ክፍል፣ በታሸገ ሳጥን ካልተቀመጠ ዕድሜው አጭር ነው።

ጭነቱን ጠይቁት

የውኃ ፓምፕና የአየር ማራገቢያ በዝግታ ሲዞሩ የሚጠይቁት ጉልበት ጥቂት ነው፤ ፍጥነታቸው ሲያድግ ጥያቄያቸውም አብሮ ያድጋል። ለእነዚህ ስታር ዴልታ ወይም ሶፍት ስታርተር ይበቃል። በድንጋይ እንደተሞላ የሚነሳ መፍጫ፣ ዕቃ ተጭኖበት የቆመ የማጓጓዣ ቺንጋ፣ ሰው የያዘ ሊፍት ግን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ሙሉ ጉልበት ይሻሉ። ለእነዚህ ሲሶ ጉልበት የሚሰጥ ማስነሻ ከሌለ አይሻልም፤ ኢንቨርተር ያስፈልጋቸዋል። ሦስት አራት የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ሞተር፣ መስመሩ ጠንካራ ከሆነ፣ በቀጥታ ቢነሳም ማንንም አያስቸግርም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ወፍጮ በእነዚህ መካከል ነው፤ ወደየትኛው እንደሚያደላ የሚወስነው የሚያስነሳው ሰው እጅ ነው። እህሉ የሚፈስበት አፍ ተዘግቶ ከተነሳ ቀላል ጭነት ነው፤ ተከፍቶ ከተነሳ ከባድ።

ስለ መብራት መጥፋትም አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሄዶ ሲመጣ በኮንታክተር የሚሠራ ሞተር ሰው ካልተጫነው አይነሳም፤ ኮንታክተሩ መብራቱ ሲሄድ ራሱን ለቋልና። በእጅ በሚገፋ ማብሪያ የሚሠራ ሞተር ግን ማብሪያው ተጭኖ ከተረሳ መብራት በመጣበት ቅጽበት፣ ከነጭነቱ፣ የሰፈሩ ሌላ ሞተር ሁሉ በሚነሳበት ሰዓት አብሮ ይነሳል። መስመሩ በጣም የሚደክመው በዚያ ሰዓት ነው። እጁን ቺንጋው ላይ አድርጎ የሚጠብቅ ሰው ቢኖርስ?

ስለዚህ ባለ ወፍጮ የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ ሥራ ስትጨርሱ ድንጋዮቹ መካከል ያለው እህል ተፈጭቶ እስኪያልቅ ሞተሩን አታጥፉ፤ ማብሪያውንም ወደ ዜሮ መልሱት። ነገ ጠዋት አፉን ዘግታችሁ አስነሱ፤ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ከዚያ እህሉን ልቀቁት።